የመስቀል ወፍ ክረምቱን የት ነው የምትከርመው? ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ልጠብቃት ነው

መምህሩ ከሐይቅ · ሰኔ 22

ሰላም ወገን እንዴት አመሻችሁ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ፈተናው ታርሞ ካርዱም ተሰጥቶ አለቀ፣ እስከ መስከረም ስራ ፈት ነኝ ማለት ነው፣ እና ዘንድሮ አንድ ነገር ላጣራ ቆርጬ ተነስቻለሁ። የመስቀል ወፍ ክረምቱን የት ነው የምትከርመው? አያቴን እድሜ ይስጣትና ስጠይቃት "ከግሸን ነዋ የምትመጣ፣ ለመስቀል ወርዳ ታየንና ለሃያ አንድ ተመልሳ ማርያምን ትሳለማለች" ትለኛለች። ተማሪዎቼን ስጠይቅ አንዱ ከአረብ አገር፣ ሌላዋ ከሱዳን፣ አንዱማ "ቲቸር እንቁላል ውስጥ ነው የምትከርመው" ብሎ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ የምጠረጥረው የትም እንደማትሄድ ነው። ዘመድ የጠፋ እንደሆነ የመስቀል ወፍ ሆንክ እያልን ስሟን አጥፍተነዋል እንጂ እሷ እዚሁ አጠገባችን ያለች ይመስለኛል። ስለዚህ ወደ እስጢፋኖስ የሚወስደውን መንገድ ይዤ ወረድ ስል ሐይቁ ዳር አንድ የሾላ ዛፍ አለ፣ ከፊት ፊላና ቄጠማ ከኋላ የሰው በቆሎ፣ እዛ ስር በየጠዋቱ ከ12 ተኩል እስከ 2 ሰዓት ልቀመጥ ነው። እቃዬ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ ዣንጥላ፣ ስልኬ፣ እና ከጡረተኛ ጎረቤቴ የተዋስኩት አንድ ዓይኑ የጨለመ ባይነኩላር ነው። በየጊዜው እዚህ እጽፍላችኋለሁ። እስከዛ ግን የመስቀል ወፍ የምትሏት የትኛዋን እንደሆነ ንገሩኝ፣ እኛ ጋ ጥቁር ሆና ጀርባዋ ላይ ቢጫ ያለባት ናት።

ደሴ ፒያሳ · ሰኔ 22

ኧረ ቲቸር ተሳስተሃል፣ የመስቀል ወፍ ማለት ጭራዋ ረጅሟ ናት። ጥቁርና ነጭ፣ አፏ ቀይ፣ ስትበር ጭራዋ እንደ ሪባን የሚወዛወዝ። ገራዶ ሜዳ ላይ በአደይ አበባው መሀል ስትዘል አይቻት ነው ያደግኩት።

የጨፋው ገበሬ · ሰኔ 23

አሰላሙ አለይኩም። ሁለታችሁም አላያችኋትም ወላሂ። የመስቀል ወፍ ቀይ ናት፣ ፍም የመሰለች፣ ሆዷና ፊቷ ብቻ ነው ጥቁር። እኛ ቆላ ማሽላ ውስጥ ሞልታለች። ናፍቋችሁ ከሆነ ኑና በማዳበሪያ ከረጢት ጭናችሁ ውሰዱልኝ።

እቴነሽ ከአዲስ አበባ · ሰኔ 23

ሃሃሃ ከረጢት! ግን ቲቸር በክረምት ወፍ አለ እንዴ? የቱሪስት ስራ የሚሰራ ዘመድ አለኝ፣ ፈረንጆቹ ወፍ ለማየት የሚመጡት ከጥቅምት በኋላ ነው፣ ክረምት ባዶ ነው ይላል። በዛ ብርድና ጭቃ ለምን ትሰቃያለህ፣ ደሴ ወጥተህ ሻይ ጠጣ።

ባይነኩላሩ · ሰኔ 24

እህቴ እቴነሽ ዘመድሽ ሆቴል የሚሞላበትን ወር ነው የነገረሽ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ብዙ ወፍ የሚታየው እንግዶቹ ከአውሮፓና ከኤስያ ብርድ ሸሽተው እኛ ጋ ስለሚከርሙ ነው፣ መንገዱም ደረቅ ስለሆነ። ባለቤቶቹ ግን፣ ማለትም እዚሁ ተወልደው እዚሁ የሚሞቱት፣ አብዛኞቹ ሰርገኛ የሚሆኑት ዝናብ ሲዘንብ ነው። ሳር ያድጋል፣ ትል ይፈላል፣ ጎጆ መስሪያ ቅጠል እንደልብ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ860 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፣ ከነዚህ ውስጥ እንግዳ ሆኖ የሚመጣው የተወሰነው ነው፣ በክረምት ባዶ ነው ማለት ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ቤቱ ባዶ ነው እንደማለት ነው።

መምህር፣ ስለ ወፍህ አልነግርህም፣ ራስህ ብታገኛት ይሻላል። አንድ ፍንጭ ብቻ። ስትቀመጥ አትያት፣ ስትነሳ ያት።

መምህሩ ከሐይቅ · ሐምሌ 2

አመሰግናለሁ ጋሼ ባይነኩላሩ፣ ፍንጭዎ ሰርቷል፣ ግን በቅደም ተከተል ላውራው።

ከትናንት ወዲያ ሲያጉረመርም ውሎ ወደ ማታ ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ። አባርቶ ጀምበር ብልጭ ስትል አሸን ወጣ። እንደ አሸን ፈላ የምንለውን ነገር ሁላችንም እንለዋለን፣ ሲፈላ ግን ጎንበስ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር። ከሾላው ስር ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ የምስጥ ኩይሳ አለ፣ በመጀመሪያ ጭንቅላታቸው ትልልቅ የሆኑ ወታደሮቹ ወጥተው በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ተደረደሩ፣ ከዛ ባለ ክንፎቹ እየተጋፉ ሲወጡ ልክ ወተት ገንፍሎ ድስት አፍ ላይ እንደሚለው ነው። ሳር ላይ ወጥተው ትንሽ ይንቀጠቀጡና ይነሳሉ። ከዛ በላተኛው መጣ። ጭላቶች ከላይ እየተወረወሩ በእግራቸው እየያዙ እዛው አየር ላይ ይበሏቸዋል፣ ያ አንገቱ ጀርባ ላይ ነጭ ያለበት አፉ ወፍራሙ ቁራ መሬት ላይ ሆኖ እንደ ዶሮ ይለቅማል፣ እንቁራሪት አንዷ ከፊላው ወጥታ ቀዳዳው አጠገብ ተቀምጣ አፏን እየከፈተች ብቻ ነው፣ ደክሟት እንኳ አልተነሳችም። የሰፈር ልጆችም መጡ፣ የእነሱ ዶሮዎችም መጡ። ሩብ ሰዓት ይሆናል፣ ከዛ መሬቱ ላይ የቀረው ክንፍ ብቻ ነው። ደብተሬ ላይ "ሁሉም በላ" ብዬ ጻፍኩ።

ወፏ ጋ ልመለስ። በቆሎው ጠርዝ ላይ ቡኒ ቡኒ የድንቢጥ ዓይነት ወፎች በመንጋ ይለቅማሉ፣ አስር ቀን ሙሉ ድንቢጥ ናቸው ብዬ አልፌያቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ከብት ሲያልፍ ተነሱ፣ ስትነሳ ያት የተባልኩት ትዝ አለኝና ባይነኩላሩን ደቀንኩ፣ ከመሀላቸው ሶስት አራቱ ጀርባቸው ግርጌ ከጭራቸው በላይ ቢጫ! ልክ የቡኒ ጋቢ ጫፍ ሲገለጥ ከስር ቢጫ ቀሚስ እንደሚታየው። ሲቀመጡ ክንፋቸው ይሸፍነዋል ድንቢጥ ይሆናሉ።

ባይነኩላሩ · ሐምሌ 2

አገኘሃት። ወይም ላርምህና አገኘኸው። ወንዱ ነው። ከወቅቱ ውጪ ቡኒውን ይለብሳል ግን ያቺን የጀርባ ቢጫ አያወልቃትም። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ቡኒ ናት።

እቴነሽ ከአዲስ አበባ · ሐምሌ 3

ቆይ ቆይ። ስንት ዓመት ሙሉ "ትመጣለች፣ አምራለች፣ ተውባለች" ስንል የነበረው ወንድ ነው? ሴቷ አጠገቡ ቆማ ማንም አይቷት አያውቅም? አይ ወንዶች።

ደሴ ፒያሳ · ሐምሌ 3

ቡኒውማ ድንቢጥ ነው እባካችሁ። ቢጫ ነገር ሁሉ የመስቀል ወፍ አይደለም፣ አዝመራ ላይ ቢጫ የማይሆን ምን አለ። ፎቶ የታለ?

ታንከኛው · ሐምሌ 5

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐይቁ ላይ ነው ስራዬ፣ መረብ ነው የምጥለው፣ ቲቸርን ከታንኳ ላይ ሆኜ አየዋለሁ ዣንጥላ ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ መጀመሪያ የመሬት ለካ መስሎኝ ነበር ሃሃ።

ስለ ወፍ ከሆነ እኔም አንድ ሁለት ልበል። ጥቁርና ነጭ የሆነች አሳ አጥማጅ ወፍ አለች፣ ውሀው ላይ ከፍ ብላ አንድ ቦታ ላይ ክንፏን እያርገፈገፈች ቀጥ ትላለች፣ አትሄድ አትመጣ፣ ከዛ ድንጋይ እንደጣልክ ቁልቁል ትወርዳለች። እሷ የቆመችበት ቦታ መረብ ስጥል ብዙ ጊዜ ይሳካልኛል፣ ከአባቴ የተማርኩት ነው። ሐምሌ ላይ ግን ጎርፍ ገብቶ ውሀው ዳር ዳሩ ይደፈርሳልና እሷም ወደ መሀል ትርቃለች እኔም እከተላታለሁ፣ መሀሉ ደግሞ ጥልቅ ነው፣ የለኩት ሰዎች 88 ሜትር ይላሉ፣ መረቤ የት ይደርሳል።

ሌላው ቆሮሶ የምንለው አሳ ነው። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምትይዝ፣ ፈልፍላም ጫጩቶቹን እዛው ታሳድራለች። መረብ ሳነሳ አንዳንዴ ታንኳው ውስጥ ከአፏ ስፒል ስፒል የሚያካክሉ ትተፋለች፣ በእጄ ውሀ ጭምር አፍሼ እመልሳቸዋለሁ። አባቴ ሲያጫውተኝ ቆሮሶ ድሮ እዚህ ሐይቅ ውስጥ አልነበረም፣ ሰው አምጥቶ ነው የጨመረው፣ እሱ ልጅ ሆኖ ውሀው ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ ነበር ይላል።

ባይነኩላሩ · ሐምሌ 5

አባትህ ልክ ናቸው። በፈረንጅ 1970ዎቹ ውስጥ ነው ቆሮሶ የተጨመረው። የውሀው ጥራት መቀነስንም ጥናት ያደረጉ ሰዎች ከዛ ጋር አያይዘውታል፣ አሳው ሲበዛ ውሀው ውስጥ የሚበቅለውን አረንጓዴ የሚበሉት ደቃቅ ፍጥረቶች ያልቃሉ፣ አረንጓዴው ይበዛል።

የጨፋው ገበሬ · ሐምሌ 9

ጨዋታችሁ ሸጋ ነው ግን አንድ ነገር ልናገር። እናንተ ወፍ ልታዩ ነው የምትወጡ እኔ ላባርር ነው የምወጣ። ማሽላዬ እሸት ሲይዝ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ቀርተው ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ይውላሉ፣ ከንጋት እስከ መግሪብ። እናንተ "አቤት ውበቱ" የምትሉት ቀዩ ወፍ ወቅቱ ሲያልፍ ልብሱን አውልቆ ቡኒ ይሆንና ከግሪሳው ጋር ተደባልቆ ይገባብኛል። አንድ ዓመት ግሪሳ ገብቶ በሁለት ቀን ገለባ ብቻ አስቀርቶልኛል፣ ዛፍ ላይ ሲያድር ቅርንጫፍ ይሰብራል ወላሂ፣ በደመና ነው የሚመጣ።

ባይነኩላሩ · ሐምሌ 9

ጋሼ ቃልዎ እውነት ነው፣ ግሪሳ በዓለም ላይ በቁጥር ከሁሉም የሚበልጥ የዱር ወፍ ነው ይባላል። ኬሚካል በአውሮፕላን ሲረጭበት ደግሞ አብሮት ያደረው ሁሉ ያልቃል፣ ቀዩም፣ የሞተውን የበላው ጭላትም። ለዚህ ነው እነዚህን ለይቶ ማወቅ ጥቅም ያለው። ቀዩ ወፍ በመንጋ ቢገባም ግሪሳን አያህልም፣ የሚያጠፋው ማሽላ ከግሪሳው ጋር አንድ ላይ ሲቆጠርበት ግን ነገሩ ይከፋበታል።

የጨፋው ገበሬ · ሐምሌ 10

እሺ እሱንም ለልጆቼ እነግራለሁ። ወንጭፉ ግን መለየት አይችልም ጋሼ።

ደሴ ፒያሳ · ሐምሌ 24

ቲቸር የት ገባህ? ሶስት ሳምንት አለፈ እኮ። ላክንህ ቀረህ፣ የቁራ መልክተኛ ሆንክብን።

እቴነሽ ከአዲስ አበባ · ሐምሌ 26

አሸኑ በልቶት ይሆን

ታንከኛው · ሐምሌ 27

አብሽሩ ደህና ነው። ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። አንድ ነገር ደርሶበታል ራሱ ይናገር ሃሃሃ

መምህሩ ከሐይቅ · ሐምሌ 29

ይቅርታ ወገን። ታንከኛው እንደሚስቀው ነው። ሐምሌ 13 ጠዋት ፊላው ውስጥ ጎጆ ያየሁ መሰለኝና ጠጋ ልበል ብዬ ቄጠማው ላይ ስረግጥ ከስሩ መሬት የለም፣ እስከ ወገቤ ጭቃ፣ ስልኬ ከደረት ኪሴ ሾልኮ ድፍርስ ውሀ ውስጥ ጥፍት። በእጄ በእግሬ ዳበስኩ፣ ያገኘሁት ያረጀ ነጠላ ጫማ ነው። ታንከኛው በታንኳ መጥቶ አወጣኝ፣ "ቲቸር ሜትሩን ለካኸው?" አለኝ ጭራሽ። ፎቶዎቼ ሁሉ አብረው ሄዱ ስለዚህ ደሴ ፒያሳ ይቅር በለኝ ማስረጃ የለኝም፣ ያለኝ ደብተሩ ነው፣ እሱም ጠርዙ ረጥቦ ተኮማትሯል። አሁን የምጽፈው በእህቴ ስልክ ነው።

ከደብተሩ ልገልብጥላችሁ እንዳለ፦

ሐምሌ 6። ቡኒው ወንድ ደረቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ቀለም የተረጨ ይመስላል።

ሐምሌ 11። ያው ወንድ ነው ብዬ አስባለሁ፣ ግራ ጉንጩ ጥቁር ቀኙ ገና ቡኒ። ትከሻው ላይ ቢጫ ብቅ ብሏል። አስቀያሚ ነው በእውነት፣ ግማሹ የተቀደደ ጋቢ የለበሰ ለማኝ ይመስላል።

ሐምሌ 13። (ባዶ፣ ጭቃ ብቻ)

ሐምሌ 19። ጭንቅላቱ በሙሉ ጥቁር፣ ሆዱ ላይ ትንሽ ቡኒ ቀርታለች።

ሐምሌ 25። አለቀ! ጥቁር እንደ ቬልቬት፣ ጀርባው ግርጌና ትከሻው የሎሚ ቢጫ።

ሐምሌ 27 ላይ ያየሁትን ግን ደብተሩ ላይ መጻፍም አቅቶኝ ነበር። ከፊላው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጀርባውን ቢጫ ላባ አቁሞ ተነፋፋ፣ ኳስ ሆነ፣ ከዛ ተነስቶ በዝግታ ክንፉን እያርገበገበ ዝ ዝ ዝ የሚል ድምፅ እያሰማ በፊላው ላይ ዞረ። ከታች አንዲት ቡኒ ሴት ዘወር ብላም አላየችውም፣ ፍሬ እየለቀመች ነው። ሶስት ጊዜ ደገመላት። በአራተኛው ብር ብላ ወደ በቆሎው ሄደች። እሱ እዛው ተነፋፍቶ ቀረ። ስለ እሱ እኔ አፈርኩ።

እቴነሽ ከአዲስ አበባ · ሐምሌ 29

ሴቷን ወደድኳት

ባይነኩላሩ · ሐምሌ 30

ስልክህ ያሳዝናል ግን ደብተሩ ከፎቶው ይበልጣል። የጉንጩን ግራና ቀኝ ለይቶ የሚጽፍ ሰው ብዙ የለም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያላየኸውንም ጭምር ጻፍ፣ ዛሬ ምንም የለም የሚለውም መረጃ ነው። አዲስ ስልክ ስትገዛ ኢበርድ የሚባለውን አፕ ጫንና እዛ መዝግበው፣ ነፃ ነው፣ በክረምት ከወሎ የሚገባ መዝገብ ትንሽ ስለሆነ ያንተ አንድ ደብተር ዋጋ አለው። ሰውየውን ደግሞ አትዘንለት፣ ሌላ ሴት ታየዋለች፣ እነዚህ ወንዶች በአንድ ቀዬ ሁለትና ሶስት ሴት ነው የሚይዙት። የጎጆውን ግድግዳ እሱ ይጠልፋል፣ ውስጡን ሴቷ ታለሰልሳለች፣ ልጅ ማሳደጉ የእሷ ነው።

እቴነሽ ከአዲስ አበባ · ሐምሌ 30

ወደ አዲስ አበባ ይምጣና ቤት ኪራይ ሲከፍል እናያለን በሶስት ሴት

መምህሩ ከሐይቅ · ነሐሴ 6

ለእቴነሽ ማካካሻ የሚሆን አለኝ። የውሀው ቅጠል ላይ የሚራመድ ወፍ አለ፣ ሰውነቱ ቡናማ፣ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ፣ ጣቶቹ ከሰውነቱ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም፣ ቅጠል ላይ እንደ ደረቅ መሬት ይሄዳል። ዛሬ አራት ጫጩት ይዛ አየሁና እናትየው እያልኩ ስጽፍ ጭላት በላያቸው አለፈ፣ ጫጩቶቹ ሮጠው ክንፏ ስር ገቡ፣ ብድግ ብላ ስትሄድ ከክንፏ ስር ስምንት ረጃጅም እግር ተንጠልጥሏል! ወፏ አስር እግር ያላት መሰለች። ማታ ለጋሼ ባይነኩላሩ በውስጥ መስመር ስጠይቃቸው እናት አይደለችም አባት ነው አሉኝ። የዚህ ዓይነቱ ወፍ እንቁላል የሚታቀፈውም ጫጩት የሚያሳድገውም አባትየው ነው፣ እናትየው ወልዳ ትሄዳለች ሌላ ባል ታገባለች።

እቴነሽ ከአዲስ አበባ · ነሐሴ 6

አሁን ገና ወሎ የሚኖር አስተዋይ ወፍ ተገኘ። ስሙ ማን ይባላል?

ታንከኛው · ነሐሴ 7

እኛ ታንኳ ላይ "ውሀ ረጋጭ" ነው የምንለው።

የጨፋው ገበሬ · ነሐሴ 14

ትናንት ቡሄ ነበረ፣ የጎረቤቶቼ የክርስቲያን ልጆች ከኔዎቹ ጋር ተደባልቀው ጅራፍ ሲያጮሁ ዋሉ፣ ማሽላው ገና ቢሆንም ወፍ የሚባል አልቀረም፣ ምነው በየቀኑ ቡሄ በሆነ። ቲቸር ያንተን ነገር ሳነብ ከርሜ ትልቁ ልጄን ማማውን ስንጠግን "ቀዩን ወፍ ልብ በልልኝ፣ ወንጭፍ አታንሳ ዝም ብለህ እየው" አልኩት። የነገረኝ እንዲህ ነው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቀይ ቀይ ጠቃጠቆ የወጣባቸው ነበሩ፣ አሁን ስድስቱ ሙሉ ቀይ ሆነዋል፣ ቦይዋ ዳር ካለው ሳር ላይ እያንዳንዱ የራሱ ድንበር አለው፣ አንዱ የአንዱን ሲያልፍ ይጣላሉ። "አባዬ እንደኛ መሬት ተካፍለዋል" አለኝ። ግን ጀርባው ላይ ቢጫ ነገር የለም ብሏል።

ባይነኩላሩ · ነሐሴ 14

ልጅዎ ጎበዝ ነው። ቆላው ላይ ያለው ቀዩ ነው፣ ደጋና ወይና ደጋው ላይ ደግሞ ቢጫው። የአንድ አባት ልጆች ናቸው፣ ጠባያቸውም ያው ነው፣ በዝናብ ይለብሳሉ በበጋ ያወልቃሉ። ስለዚህ ሁለታችሁም የየአገራችሁን የመስቀል ወፍ ነው ያያችሁት።

ደሴ ፒያሳ · ነሐሴ 15

የእኔዋስ? ባለ ረጅም ጭራዋ ወዴት ልትጣል ነው?

ባይነኩላሩ · ነሐሴ 15

ያንተው ዘመድ አይደለም ግን ልማዱ ይመሳሰላል። ጭራው ለክረምት የሚበቅል ነው፣ ከራሱ ሰውነት ይረዝማል፣ በበጋ ይረግፍና እሱም ድንቢጥ ይመስላል። አንድ ጉድ ግን አለው፣ ጎጆ አይሰራም። ሴቷ እንቁላሏን አፏ ቀይ በሆነች ሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፣ ያቺ ሚስኪን ከራሷ ልጆች ጋር አብራ ታሳድግላታለች።

ደሴ ፒያሳ · ነሐሴ 15

የኛ ሰፈር ወፍ ልጁን ሰው ቤት ጥሎ ጭራውን እያወዛወዘ ይዞራል ነው የምትለኝ። ደህና ሰንብቱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቢጫዋን ነኝ።

ታንከኛው · ጳጉሜ 3

ዛሬ ማለዳ ከሩፋኤል ጠበል መልስ ታንኳ ይዤ ወጥቼ ስልክ ገመዱ ላይ ያየሁት ይገርማል፣ ትናንት ባዶ የነበረ ሽቦ ጭራቸው እንደ መቀስ በሆኑ ትንንሽ ወፎች ተሞልቷል፣ እንደ ዶቃ ተደርድረው። ውሀው ዳር ከብት በሚጠጣበት ደግሞ ሆዷ ቢጫ ሆና ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ቀጭን ወፍ በላሞቹ እግር መሀል ትሮጣለች። እነዚህ አልነበሩም።

ቲቸር ደግሞ ያ ቡኒው ጭንቅላቱ መዶሻ የመሰለው ወፍ ጎጆውን ጨረሰ። ከሰኔ ጀምሮ ሲሸከም ነው የከረመው፣ እንጨት፣ ሳር፣ ጭቃ፣ ከኔ ታንኳ ላይ የመረብ ቁራጭ ሰርቋል፣ አንድ ቀን የሰው ካልሲም ይዞ ሲበር አይቼዋለሁ። አሁን ጎጆው ሰው ያስቀምጣል፣ በሩ ከስር በኩል ነው።

ባይነኩላሩ · ጳጉሜ 4

ያየሃቸው እንግዶቹ ናቸው፣ ከአውሮፓ ገቡ። ሰሞኑን ንብ የሚበሉት በቀለማት የተዥጎረጎሩትም በሰማይ እየተንጫጩ ያልፋሉ፣ የእነዚህ መምጣት ከመስቀል ጋር ስለሚገጥም እነሱን የመስቀል ወፍ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። እንግዲህ የቲቸር አያት ከሩቅ ትመጣለች ያሉት ለእነዚህ ይሆናል።

መምህሩ ከሐይቅ · መስከረም 18

እንኳን አደረሳችሁ። ትምህርት ተጀምሯል፣ ጠዋት ሾላው ስር መቀመጥ የቅዳሜና እሁድ ብቻ ሆኗል። ትናንት ግን መስቀል ስለነበረ ደመራው ካለቀ በኋላ አያቴን በባጃጅ ጭኜ ሐይቁ ዳር ወሰድኳት፣ ከዛ ክንዷን ይዤ ቀስ እያልን ወረድን፣ ዱላዋ ጭቃው ውስጥ እየገባ። በርጩማ አስቀምጬላት ባይነኩላሩን ሰጠኋት፣ በጨለመው ዓይን በኩል ስታይ ቆይታ "ምንም የለም እኮ" አለችኝ፣ አዙሬ ሰጠኋት።

ወንዱ እዛው ፊላ ላይ ነበረ። ተነፋፋላት። "እሷ ናት! እይ እንዴት እንዳማረባት" አለች። እኔም ደብተሬን ገልጬ ከሰኔ ጀምሮ አነበብኩላት፣ ቡኒው፣ ነጠብጣቡ፣ ግማሽ ጉንጩ፣ ለማኝ የመሰለበት ቀን፣ የተሟላበት ቀን። እዚሁ ነው የከረመው የትም አልሄደም አልኳት። አጠገቡ ያለችውን ቡኒዋንም አሳየኋት፣ ሚስቱ ናት ብዬ።

ዝም ብላ ሰማችኝና ቡኒዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት። "ይቺንማ አውቃታለሁ፣ ጓሮ ጎመኔ ውስጥ የማትጠፋዋ አይደለችም እንዴ" አለች። ከዛ "አንተ ግን ሐምሌ ሃያ አምስት ቀን ነው ልብሱ ያለቀ ያልከኝ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ለመስቀል ቀደም ብሎ ማሰፋት የሱ ነው፣ ሰውማ ጳጉሜ ላይ ነው ልብስ ሰፊ ጋ የሚሰለፍ።" ስለ ግሸን አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁባትም።

ጎጆው ውስጥ ጫጩት አለ መሰለኝ፣ ሴቷ በየጊዜው ትገባለች ትወጣለች። አልተጠጋሁም። ይሄኛው የእህቴ ስልክ ነው።

እቴነሽ ከአዲስ አበባ · መስከረም 18

አያትህን ሳምልኝ። ለገና ስመጣ እኔንም ውሰደኝ፣ ውሀ ረጋጩን አባት ማየት እፈልጋለሁ።

ደሴ ፒያሳ · መስከረም 19

ልብሱን የሚያወልቀው መቼ ነው? እሱንስ አትከታተልም ቲቸር?

መምህሩ ከሐይቅ · መስከረም 19

ደብተሩ አልቋል፣ ሌላ እገዛለሁ።

የጨፋው ገበሬ · መስከረም 19

አትግዛ። ህዳር ላይ ማሽላዬ ሲደርስ ቡኒ ለብሶ እኔ ጋ ይመጣል፣ ልጄን ማማው ላይ እስኪርብቶ አስይዤዋለሁ።